ሎርድ ኬምስ ረግረጉን አላደረቀም፣ በውሃ አስወሰደው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ 18ኛው ክፍለ ዘመን የስኮትላንድ ሊቃውንት ባወጣችሁት ጽሑፍ ለዳኛውና ለመጣጥፍ ጸሐፊው ለሎርድ ኬምስ አንድ አምድ ሙሉ መስጠታችሁ ያስመሰግናል። ነገር ግን አምዱ ውስጥ በርካታ ስሕተቶች አሉ፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሰውዬው በመጨረሻ ዘመኑ የሠራውን ትልቁን ሥራ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ ያውም በተሳሳተ ዐረፍተ ነገር ማለፋችሁ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስሙ ልጀምር። ጽሑፋችሁ «ሄንሪ ሆም» ይለዋል። በላቲን ፊደል የተጻፈውን እንዳለ ያነበበ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም፤ ስኮትላንዳውያን ግን ይህን ስም የሚጠሩት «ሂዩም» ብለው ነው። ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም የሥጋ ዘመዱም የአገሩ ልጅም ነው። እንግሊዞች ስሙን እያበላሹ ስላስቸገሩት ዴቪድ አጻጻፉን እንደ ድምፁ አደረገው፤ ሄንሪ የአባቶቹን አጻጻፍ እንደያዘ ቀረ። የእኛ ፊደል ድምፅን ስለሚከተል ሁለቱም «ሂዩም» ናቸው። ለመለየት ከተፈለገ ዳኛውን «ኬምስ» ማለት ይበቃል።

ሁለተኛው ማዕረጉ ነው። «ሎርድ» መባሉን አይታችሁ የመሳፍንት ወገን አድርጋችሁታል። አይደለም። በኤዲንብራ ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት የሚሾም ዳኛ ከሹመቱ ጋር «ሎርድ» የሚል መጠሪያ ያገኛል፤ ብዙዎቹም የርስታቸውን ስም ያስከትሉበታል። በእኛ አገር «አፈ ንጉሥ» ከሥራው ጋር ይመጣ እንደነበረው ነው እንጂ ለልጅ የሚወርስ አይደለም። ኬምስ እንግዲህ በ1696 የተወለደባት በበርዊክሻየር ያለች የአባቱ ርስት ስም ናት። አባቱ ባለ ዕዳ ባላገር ነበር። ልጁ ቤት ውስጥ በአስተማሪ ተምሮ በቀጥታ ኤዲንብራ ወዳለ የሕግ ጸሐፊ ቢሮ ለሥራ ልምምድ ገባ፤ እናንተ እንዳላችሁት ከዩኒቨርሲቲ የወጣ አይደለም። የዳኝነት ወንበር ላይ የተቀመጠው በ1752፣ በ56 ዓመቱ ገደማ ነው። በ1763 ደግሞ የወንጀል ዳኝነት ተጨመረለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጽሑፋችሁ «በእርጅናው የሚስቱን ረግረጋማ መሬት አደረቀ» ይላል። ይህን ሥራ በቅርብ የሚያውቅ ሰው «አደረቀ» የሚለውን ቃል አይጠቀምም፤ ኬምስ ያደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው፣ ውሃ አመጣበት።

መሬቱ ከስተርሊንግ ከተማ በስተምዕራብ፣ በፎርዝና በቲዝ ወንዞች መካከል፣ ብሌር ድረመንድ በሚባለው ርስት ውስጥ ነው። ርስቱ በ1766 ለሚስቱ ለአጋታ ድረመንድ በውርስ ደረሳት። ረግረጉ ወደ 1,500 የስኮትላንድ ኤከር ይሰፋል፤ በእኛ ልክ 19 ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው። ከላይ የሚታየው ጥቁርና ቡናማ ስፖንጅ የመሰለ ነገር አፈር አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ለሺህ ዓመታት ግማሽ ብቻ የበሰበሰ የእፅዋት ክምር ነው። ፒት ይሉታል፤ ቆርጠው ሲያደርቁት እንደ ኩበት ይነድዳል። ጥልቀቱ ቦታ ቦታ ይለያያል። በዝቅተኛው ወገን ሦስት ጫማ ያህል ብቻ ነው፣ በከፍተኛው ወገን ስምንት ጫማና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ከሥሩ ያለው ግን የጥንት ባሕር ጥሎት የሄደ ለም ሸክላ አፈር ነው። ሥራቸው ሸክላው ውስጥ እንደተተከለ የቀሩ የትላልቅ ዛፎች ጉቶዎች ፒቱ ሲነሣ ይታዩ ነበር።

እንግዲህ ገበሬ ሆናችሁ አስቡት። ውሃውን በቦይ ብታጠነፍፉ ፒቱ ትንሽ ይሟሽሻል እንጂ አይጠፋም፤ ስንዴ የሚያበቅለው ሸክላ አሁንም ከእግራችሁ በታች በሰው ቁመት ልክ ተቀብሯል። ብታቃጥሉት ላይ ላዩ ነድዶ እርጥቡ ላይ ሲደርስ ይጠፋል፣ መሬቱም ጎድጓዳና እኩል ያልሆነ ይሆናል። ጭኖ ማውጣትስ? አንድ የስኮትላንድ ኤከር ወደ 5,100 ካሬ ሜትር ነው። ጥልቀቱን ስምንት ጫማ፣ ማለትም 2 ሜትር ከ40 ብንል ከአንድ ኤከር ብቻ 12,000 ሜትር ኩብ ያህል ይወጣል። ዛሬ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 750 ምልልስ ነው፤ በዚያ ዘመን የነበረው ደግሞ የፈረስ ጋሪ ነው፣ ጋሪውም ረግረጉ ላይ ይሰምጣል።

የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ፒቱ ቀላል ነው፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ፎርዝ ደግሞ ከታች ይፈስሳል። ሥራው እንዲህ ነበር። ከረግረጉ ዳር ጀምሮ እስከ ሸክላው የሚደርስ፣ ወደ ወንዙ ያዘቀዘቀ ጠባብ ቦይ ይቆፈራል። ቦዩ ሁለት ጫማ ያህል ስፋት ይበቃዋል፤ ሰፊ ከሆነ ውሃው ይሳሳና ጉልበት ያጣል። ከላይ በኩል ውሃ ይለቀቅበታል። ሠራተኞች በቦዩ ዳር ተደርድረው የቆመውን የፒት ግድግዳ በአካፋ እየቆረጡ ውሃው ውስጥ ይጥላሉ፣ ውሃው ይዞት ይሄዳል። የቦዩ ዳር ሲጸዳና ግድግዳው ከአካፋ ውርወራ ሲርቅ ሌላ ቦይ ከግድግዳው ሥር ይቀደድና ውሃው ወደዚያ ይዞራል። እንዲህ እያሉ ግድግዳውን እየተከተሉ መሄድ ነው።

ቀላል ይመስላል፤ የሚበላሽባቸው ቦታዎች ግን ብዙ ናቸው። ውሃው ከሚሸከመው በላይ ከተጣለ ፒቱ ይከማችና ቦዩን ይዘጋል፣ ውሃው ግራና ቀኝ ይፈስሳል፣ ቀኑ ቦይ በመጥረግ ያልቃል። ትንሽ ከተጣለ ደግሞ ውሃው ባዶውን ይሄዳል። የዛፍ ሥርና ግንድ ቦዩ ውስጥ ከገባ እንደ ግድብ ይሆናል፤ ስለዚህ እንጨቱ ተለይቶ ዳር ይወጣል። የቦዩ ቁልቁለት ከቀነሰ ፒቱ መሐል መንገድ ላይ ይቀመጣል። ሸክላው ጋ ሲደርሱም የመጨረሻዋ ስስ ንጣፍ ከሸክላው ጋር ተጣብቃ አትነሣም፤ እሷን ፀሐይ ሲመታት ጠብቆ ማቃጠልና አመዱን ለመጀመሪያው የአጃ ዘር ማዳበሪያ ማድረግ ነው። በመስኖ ያረሰ፣ ከውሃ አባቱ ተራውን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ዋናውን ችግር ሳይነገረው ይገምታል። ሥራውን የሚወስነው የአካፋው ቁጥር ሳይሆን የውሃው መጠን ነው። ኬምስ የመጀመሪያውን ውሃ ያገኘው ኪራይ ያስገባ የነበረ የእህል ወፍጮ የሚያዞረውን ጅረት ወስዶ ነው። ወፍጮውን ትቶ ውሃውን ለቦይ መስጠት ያኔ እንደ ዕብደት ነበር የታየው፤ በሂሳብ ቢታይ ግን የወፍጮ ኪራይ ከስንዴ መሬት ጋር አይወዳደርም።

ሰዎቹን ከየት አመጣ? ከሰሜኑ ደጋ፣ ጌሊክ ከሚናገሩ ድሃ ቤተሰቦች ነው። ጽሑፋችሁ «ጭሰኞቹ» ብሏቸዋል፤ ቃሉ እዚህ አይገባም። ጭሰኛ በእኛ አገር ነገ እንዳይነቀል እየፈራ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን የሚያስረክብ ሰው ነበር። እነዚህ ግን በጽሑፍ የ38 ዓመት ውል ያዙ። ለአንድ ቤተሰብ ስምንት ኤከር ይሰጣል፣ ለቤት መሥሪያ እንጨትና ቤቱ እስኪቆም ለስንቅ የአጃ ዱቄት ከባለርስቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት ኪራይ የለም። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ እያደገ ይሄዳል፤ በውሉ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ለጸዳው ኤከር ከፍ ያለ፣ ላልጸዳው እጅግ ያነሰ ይከፈላል። ይህን ውል የዳኛ እጅ እንደጻፈው ለማየት ብዙ ማሰብ አያሻም። ኬምስ ስለ ርስት ሕግ በጻፋቸው መጣጥፎች ሲከራከር የኖረው፣ መሬት በዘር ታስሮ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ የሚያደርገው ደንብ ባለርስቱንም አራሹንም ያሰንፋል ብሎ ነው፤ በአጭር ውል የሚሠራ ገበሬ ለነገ አይደክምም የሚለውም የዚያው ሐሳብ ወገን ነው። ሰባ ዓመት ሲሞላው ያንኑ ክርክር መሬት ላይ ፈተነው።

የሰፋሪዎቹ የመጀመሪያ ቤት ራሱ ፒት ነበር። አራት ማዕዘን ቦታ መርጠው ዙሪያውን እስከ ሸክላው ይቆፍራሉ፤ መሐል ላይ የቀረውን ጉብታ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ይተዉትና ውስጡን ይፈለፍሉታል፣ ከላይ ጣራ ይጥሉበታል። ግድግዳ አልተሠራም፣ ተረፈ እንጂ። ችግሩ ፒት ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ ስለዚህ ቤቱ ከዓመት ዓመት ያጥራል፣ በሩም ይጣመማል። ጎረቤቶች «የረግረግ ባላባቶች» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ልጆቻቸው ስንዴ ሲያጭዱ ሳቁ ቆመ።

ኬምስ በ1782 ሲሞት ዝቅተኛው ወገን በአብዛኛው ጸድቶ ነበር፤ ከፍተኛው ገና ነው። ልጁ ጆርጅ ቀጠለበት። በ1787 የእህል መውቂያ ማሽን ሠሪው የአንድሩ ሚክል ልጅ ጆርጅ ሚክል በቲዝ ወንዝ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 28 ጫማ የሆነ መንኮራኩር ተከለ። ወንዙ ራሱ ያዞረዋል፣ በጠርዙ ያሉት ባልዲዎች ውሃውን 17 ጫማ ከፍ አድርገው ወደ ረግረጉ በሚወስደው መስመር ላይ ያፈሱታል፤ ማገዶም ከብትም አይፈልግም። ከዚያ በኋላ ሥራው ተጣደፈ።

ይህን ሁሉ ስል ሥራው እንከን የለሽ ነበር ማለቴ አይደለም። ውሃ የወሰደው ፒት የትም አልጠፋም፤ በፎርዝ ወርዶ ባሕሩ አፍ ድረስ ሄደ። የሳልሞን አጥማጆች ተማረሩ፣ ታች ያሉት የኦይስተር (የሚበላ ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ) መልቀሚያዎች ላይ ደለሉ ተጋደመ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1865፣ ፒት ወደ ወንዙ መልቀቅ ቆመ። የዛሬ የአካባቢ ባለሙያ ይህን ሥራ ሲያይ ቀድሞ የሚታየው የጠፋው ረግረግ ነው፤ ትክክልም ነው። ግን በ1767 የነበረን ሰው በዚያ ሚዛን ብቻ ከመዘንነው ምን እንደሠራ ሳናይ እናልፋለን።

ስለ መጣጥፎቹ የጻፋችሁት በአመዛኙ ደህና ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛ፣ ዳኛ ከመሆኑ በፊት በ1741 ያወጣውን የፍርዶች መዝገብ ረስታችሁታል። ፍርድ ቤቱ ከተቋቋመበት ከ1532 ወዲህ የተሰጡ ውሳኔዎች በየዳኛው ማስታወሻ ተበታትነው፣ ብዙዎቹም በእጅ ጽሑፍ ብቻ ነበሩ። ጠበቃ አንድ ነገር ሲፈልግ በዓመት ቅደም ተከተል ሁሉንም ማገላበጥ ነበረበት። ኬምስ እያንዳንዱን አሳጥሮ በርዕሰ ጉዳይ ደለደለው፤ ስለ ዋስትና የሚፈልግ «ዋስትና» የሚለውን ይከፍታል፣ ያበቃል። የኋላው ትልቁ የፍርዶች መዝገብ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ፈላስፋ ብቻ አድርጎ ለሚያየው ሰው ደረቅ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ጠበቆቹ ግን የሚያመሰግኑት ለዚህ ነበር።

ሁለተኛው፣ በ1751 ባወጣው የሥነ ምግባር መጣጥፍ ምክንያት «ከቤተ ክርስቲያን ተወገዘ» ያላችሁት ነው። አልተወገዘም። መጣጥፉ ውስጥ ሰው ነጻ ፈቃድ ያለው ይመስለዋል እንጂ ሁሉ ነገር በምክንያት ሰንሰለት የታሰረ ነው፣ ይህን የነጻነት ስሜትም ለሥነ ምግባር እንዲጠቅመን ፈጣሪ ራሱ አኑሮብናል የሚል አለ። ፈጣሪን አታላይ አደረገው ብለው ካህናት ተነሡበት። በ1755 እና በ1756 እሱንና ዴቪድ ሂዩምን አብሮ ለማስወገዝ ተሞከረ፤ ለዘብተኞቹ ካህናት አከሸፉት። በ1758 መጣጥፉ ዳግመኛ ሲታተም ኬምስ አስቸጋሪውን ቦታ ቀየረው፤ እዚህ ላይ ከጀግንነቱ ብልጠቱ ይበልጣል።

ስለ ጥበብና ጣዕም በ1762 ያወጣውን ሥራ ቮልቴር እንዳላገጠበት የጻፋችሁት እውነት ነው። ያው መጽሐፍ ግን በአሜሪካ ኮሌጆች ለብዙ አሥርት ዓመታት መማሪያ ሆኖ ኖሯል።

ልትተዉት የማይገባ ጉድለትም ነበረ። በ1774 ስለ ሰው ልጅ ታሪክ ባወጣው መጣጥፍ ውስጥ ሰዎች ከአንድ ምንጭ ሳይሆን ከተለያዩ ምንጮች ሳይፈጠሩ አልቀሩም የሚል ሐሳብ አቅርቧል፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ለማስታረቅም የባቢሎንን ግንብ ጠራ። ይህ ሐሳብ በኋላ ለዘረኞች መሣሪያ ሆኗል። የሚያስገርመው፣ ከጎንደር ጉዞው መልስ በዚያው ዓመት ብሪታንያ የገባው ጄምስ ብሩስ የፎርዝ አገር ሰው ነው፤ ርስቱ ኪኔርድ ከብሌር ድረመንድ የአንድ ቀን መንገድ አይሞላም። ስለ ሩቅ ሕዝቦች በመጽሐፍ ከሚፈርድ፣ ዓይቶ የመጣ ሰው ደጁ ላይ ነበረ።

ሆኖም ያው ሰው በ1778 ወንበሩ ላይ ምን እንዳለ አብሮ መጻፍ አለበት። ጆሴፍ ናይት በልጅነቱ ጃማይካ ውስጥ የተሸጠ አፍሪካዊ ነው። የገዛው ጆን ዌደርበርን በ1769 ስኮትላንድ አመጣው። ናይት በ1772 ለንደን ውስጥ ስለተሰጠው፣ ባሪያን በግድ ከእንግሊዝ ማስወጣት አይቻልም ስላለው የሶመርሴት ፍርድ ጋዜጣ ላይ አነበበና ነጻ ነኝ ብሎ ሊወጣ ተነሣ፤ ጌታው አስያዘው። የፐርዝ የሰላም ዳኞች ለጌታው ፈረዱ፣ የአውራጃው ዳኛ ለናይት ፈረደ፣ ነገሩ ኤዲንብራ ደረሰ። አሥራ አምስቱ ዳኞች የሚቀመጡበት ይህ ችሎት በ1778 ጥር ላይ በአብላጫ ድምፅ የስኮትላንድ ሕግ ባርነትን አያውቅም ብሎ ወሰነ። ኬምስ ከአብላጫው ጋር ነበር። የጃማይካን ሕግ እዚህ ማስፈጸም አንችልም፣ የተቀመጥነው ትክክሉን ለማስፈጸም እንጂ ስሕተቱን ለማስፈጸም አይደለም ማለቱ ተመዝግቧል። ጨምሮ መታወቅ ያለበት፣ በዚያው ጊዜ የስኮትላንድ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ራሳቸው ከማዕድኑ ጋር የታሰሩ ነበሩ፤ በ1775 የወጣው ሕግ እስራቱን ማላላት ጀመረ፣ ፈጽሞ የቀረው በ1799 ነው።

የቀሩት ሁለት ተረቶች ናቸው። በ1780 በኤር ከተማ ማቲው ሄይ የተባለ የቼዝ ጓደኛውን በሞት ቀጥቶ «ማቲው፣ ይኸው ማት ሆንክ» አለው የምትሉትን እንደ ታሪክ አትጻፉት። ደራሲው ዋልተር ስኮት ይህን ቀልድ ሲናገር በሌላ ዳኛ፣ በብራክስፊልድ ስም ነበር። የብራክስፊልድ ወገኖች ሲቃወሙ ሎርድ ኮክበርን በማስታወሻው ኬምስ ነው አለ። ኮክበርን የተወለደው በ1779 ነው፤ ኬምስ ሲሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበር።

ሌላው ስንብቱ ነው። ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በ86 ዓመቱ፣ ችሎት ተገኝቶ ከባልደረቦቹ ጋር ከተጨባበጠ በኋላ በሩ ላይ ዘወር ብሎ «ደህና ሁኑ፣ እናንተ ውሾች» አለ መባሉን ጽፋችሁ «በቁጣ ተለያቸው» ብላችኋል። የተጠቀመበት ቃል የሴት ውሻ መጠሪያ ነው፣ በመጽሐፍ ቢታይ ያስነውራል። ግን ኬምስ ይህን ቃል በየቀኑ ከአፉ የማይለይ፣ ለወዳጁም ለሎሌውም የሚሰነዝረው ሰው ነበር። በአማርኛ ከተፈለገ «በሉ ደህና ሁኑ፣ እናንተ ጉዶች» የሚለው ይቀርበዋል። የሞተው ታኅሣሥ 27 ቀን 1782 ነው፤ እናንተ 1783 ብላችኋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሕግ ታሪክ አንባቢ፣ አዲስ አበባ